የማልታ ትኩሳትና ሐኪሙ ዴቪድ ብሩስ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ላይ በምትገኘው የማልታ ደሴት የሰፈሩ የብሪታኒያ ወታደሮች በአንድ ግራ የሚያጋባ ትኩሳት ይሠቃዩ ነበር። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ በላብ ያጠምቃል፣ መገጣጠሚያን ይቆረጥማል፤ ታማሚውን ለወራት አልጋ ላይ ያውላል።

ወታደራዊው ሐኪም ዴቪድ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1884 ወደ ደሴቷ ተላኩ። በ1855 በአውስትራሊያ ሜልበርን ተወልደው በስኮትላንድ ያደጉት ብሩስ፣ ሕክምናን የተማሩት በኤዲንብራ ነበር። በ1887 በትኩሳቱ ከሞቱ ወታደሮች ጣፊያ ባክቴሪያውን ለይተው አወጡ። ባለቤታቸው ሜሪ ኤልዛቤትም በቤተ ሙከራ ሥራቸው አልተለዩአቸውም። ባክቴሪያው ወደ ሰው የሚገባበት መንገድ ግን ለ18 ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ።

መልሱ በየቤቱ ደጃፍ ይቆም ነበር። እረኞች ፍየሎቻቸውን ወደ ቫሌታ ከተማ እየነዱ በየበሩ ያልባሉ፤ ወተቱም ሳይፈላ ይጠጣል። በ1905 ብሩስ የመሩት ኮሚሽን አባል የሆኑት ማልታዊው ሐኪም ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ፍየሎችን ሲመረምሩ የግማሽ ያህሉ ደም የበሽታውን ምልክት አሳየ። ከአሥር አንዷ ገደማ ባክቴሪያውን በወተቷ ታወጣ ነበር። ፍየሎቹ ጤነኛ ስለሚመስሉ ማንም አልጠረጠራቸውም። የሚያሳዝነው፣ በሆስፒታል ለተኙ ሕሙማን ማገገሚያ ይሰጥ የነበረውም ያው ወተት መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት የማልታ ፍየሎች ወደ አሜሪካ በመርከብ ሲጫኑ፣ በጉዞው ወተታቸውን የጠጡ መርከበኞች ታመሙ። በሽታው በሰው ንግድ ባሕር ተሻገረ ማለት ነው።

በ1906 የፍየል ወተት ለጦሩ ሲከለከል በወታደሮቹ ዘንድ በሽታው እጅግ ቀነሰ። ክልከላው ያልደረሰው የደሴቷ ነዋሪ ግን ያልፈላ ወተት እየጠጣ ለብዙ ዓመታት መታመሙን ቀጠለ።

በሽታው በብሩስ ስም ብሩሴሎሲስ ተባለ፤ የፍየሎቹን ምሥጢር የገለጡት ዛሚት መሆናቸው ሲታሰብ ስያሜው ጥቂት ያጋደለ ይመስላል። በኢትዮጵያም በላም፣ በፍየልና በግመል ላይ ይገኛል፤ እንስሳትን ያስወርዳል። ወደ ሰው የሚተላለፈው ባልፈላ ወተት ብቻ አይደለም፤ የወረደን ጽንስና የእንግዴ ልጅን በባዶ እጅ በመንካትም ጭምር ነው።

ብሩስ ከማልታ ሌላ በደቡብ አፍሪካ የከብት ገንዲን፣ በዩጋንዳ የእንቅልፍ በሽታን አጥንተዋል። በሁለቱም የቆላ ዝንብ አስተላላፊ መሆኗን አሳይተዋል። በኅዳር ወር 1931 ሜሪ ኤልዛቤት አረፉ። ከአራት ቀናት በኋላ፣ የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት በሚፈጸምበት ሰዓት፣ ዴቪድ ብሩስም ሕይወታቸው አለፈ።