የሩፋዓው መምህር ሼኽ ባቢከር በድሪ

ሕዝብን የሚያገለግል ሰው የድካሙን ምስጋና ብዙ ጊዜ በሕይወቱ ሳለ አያገኝም። ጦር የመራ ሰው ሐውልት ይቆምለታል፤ ግብር ያበላ ሰው በአዝማሪ ይወደሳል፤ የሰፈሩን ልጆች ሰብስቦ ፊደል ያስቈጠረ ሰው ግን በጸጥታ ሠርቶ በጸጥታ ይቀበራል። ስለዚህ በጎረቤታችን በሱዳን አገር ይኖሩ ስለ ነበሩ አንድ የሕዝብ አገልጋይ ለአንባቢዎቻችን ልንተርክ ወደድን። እኒህ ሰው እስላም ነበሩ፤ በወጣትነታቸውም አያቶቻችን በሐዘን የሚያነሡት የድርቡሽ ሠራዊት ወታደር ነበሩ። ይሁን እንጂ መልካም ሥራ ከማንኛውም ወገን ቢመጣ መልካም ነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ባቢከር በድሪ በ1860 ገደማ በሰሜን ሱዳን ከሩባጣብ ነገድ ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ቤተ ሰባቸው ወደ ሩፋዓ ሄዶ ተቀመጠ። ሩፋዓ ከካርቱም በስተ ደቡብ ምሥራቅ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለች ከተማ ናት። ከጎጃም ከሰከላ የሚነሣው ዓባያችን በደጅዋ አልፎ ወደ ካርቱም ይወርዳል፥ በዚያም ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ባቢከርም በዚህች ከተማ ቁርኣን ተማሩ።

መሐዲ በ1881 በተነሣ ጊዜ አገሩ ሁሉ ተናወጠ። ባቢከርም ከብዙ ወጣቶች ጋር ተከተሉት፤ ካርቱም ተከብባ በጥር 26 ቀን 1885 ስትወድቅና ጄኔራል ጎርደን ሲገደል ከከበባት ሠራዊት ጋር ነበሩ። በ1888 ድርቡሾች ጎንደርን አቃጠሉ፤ በመጋቢት 1889ም ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ። በዚያ ዘመን ግን ባቢከር የተሰለፉት በሌላው ግንባር ነበር፤ አብዱራህማን አን ኑጁሚ ወደ ግብፅ ከመራው ጦር ጋር ዘመቱ። ያም ጦር በረኃብና በጥም ከደከመ በኋላ በነሐሴ 1889 በቱሽኪ ተደመሰሰ፥ እሳቸውም ተማርከው ወደ ግብፅ ተወሰዱ። ከምርኮ ተመልሰው በኦምዱርማን ሲነግዱ ቆዩ። በመስከረም 2 ቀን 1898 በከረሪ ሜዳ በአንድ ጧት ወደ 10,000 የሚጠጋ የሱዳን ሰው በመድፍና በመትረየስ ባለቀ ጊዜም ከተረፉት አንዱ ሆኑ።

ይህን ሁሉ ሞት ያየ ሰው ቂሙን ይዞ ቢቀመጥ፥ ወይም ለራሱ ጥቅም ብቻ ቢያስብ ማንም ባልፈረደበት ነበር። ሼኽ ባቢከር ግን ወደ ሩፋዓ ተመልሰው በ1903 የወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። የትናንት ጠላታቸው የዛሬ ገዣቸው ቢሆንም፥ ልጆችን ለማስተማር ሲሉ ከእንግሊዞች ሹማምንት ጋር መነጋገርን አልናቁም።

ነገር ግን የሕዝቡ እኩሌታ፥ ማለት ሴቶቹ፥ በጨለማ መቅረታቸው አሳሰባቸው። በ1904 የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት ፈቃድ ለመኑ፤ መንግሥት ከለከላቸው። በ1906 ደግመው ለመኑ፤ አሁንም አልሆነም። ገዦቹ ሕዝቡ ይቈጣል ብለው ፈሩ፤ ከአገሬው ሰው ብዙው ደግሞ ሴት ልጅን ከቤት አውጥቶ ፊደል ማስቈጠር የቤተ ሰብን ክብር ማዋረድ ነው ይል ነበር። በመጨረሻ በ1907 የትምህርቱ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ጄምስ ከሪ ፈቀደላቸው፤ ፈቃዱ ግን ትምህርት ቤቱ በገዛ ቤታቸው፥ በገዛ ገንዘባቸውና በገዛ ኃላፊነታቸው እንዲሆን ነበር። ይኸውም ነገሩ ቢበላሽ ዕዳው ሁሉ በእሳቸው ራስ ላይ እንዲወድቅ ነው።

ሼኽ ባቢከር ይህን ተቀበሉ። የጭቃ ጎጆ አዘጋጅተው 17 ልጃገረዶች ሰበሰቡ፤ ዘጠኙ ከራሳቸው ቤት፥ ስምንቱ ከጎረቤት ነበሩ። እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ሼኹ የሌላውን ሰው ልጅ ለሐሜት አጋልጠው የራሳቸውን አልሸሸጉም፤ ነቀፋው መጥቶ ቢሆን አስቀድሞ የሚነካው የገዛ ልጆቻቸውን ነበር። ጎረቤቶቹ ስምንቱን ልጆች አምነው የሰጧቸውም ይህን አይተው ይመስለናል። ሰው ለሌላው የሚመክረውን በቤቱ ሲያደርገው ቃሉ ይታመናል።

ከዚያች ጎጆ የወጣው ፍሬ ቀስ በቀስ ታየ። መንግሥት ራሱ በልዩ ልዩ ከተማ የሴቶች ትምህርት ቤቶችን ከፈተ፤ በ1921ም በኦምዱርማን የሴት መምህራን ማሠልጠኛና የአዋላጆች ትምህርት ቤት ተቋቋሙ። በአገራችን የእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1931 መሆኑን ስናስብ፥ የሩፋዓ ጎጆ 24 ዓመት እንደ ቀደመች እናያለን።

ሼኽ ባቢከር የትምህርት ቤቶች ተቈጣጣሪ ሆነው ብዙ ጊዜ አገለገሉ። በ1929 ጡረታ ሲወጡ ሽማግሌ ነበሩ፤ ዕረፍት ግን አልፈለጉም። አሕፋድ የሚባል የሕዝብ ትምህርት ቤት በሩፋዓ መሠረቱ፤ ትርጓሜውም የልጅ ልጆች ማለት ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ወደ ኦምዱርማን ተዛወረ። የሕይወታቸውንም ታሪክ በዐረብኛ ጽፈው ተዉ። በ1954፥ አገራቸው ነጻ ልትወጣ ሁለት ዓመት ያህል ሲቀራት ዐረፉ።

ሥራቸው ግን ከእሳቸው ጋር አልተቀበረም። ልጃቸው ዩሱፍ በድሪ በ1966 በኦምዱርማን በ23 ተማሪዎች የአሕፋድን የሴቶች ኮሌጅ ከፈቱ፤ ኮሌጁም በ1995 ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከዚያም ወደ ገጠር ወጥተው እናቶችንና ሕፃናትን የሚረዱ ብዙ ሴቶች ተመረቁ። በሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የከተማው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፥ መምህራንና ተማሪዎችም ተበተኑ። ሆኖም የዚህ ሥራ መሥራች ራሳቸው ከከረሪ ፍጅት ተርፈው የጀመሩ ሰው መሆናቸውን የሚያስታውስ ሰው ተስፋ አይቈርጥም።

እንግዲህ ወዳጆቻችን ሆይ፥ በየመንደራችን እንዲህ ያሉ አገልጋዮች እንዳሉ እናስተውል። ሌሊት ተጠርታ የምትሄድ አዋላጅ፥ የሙት ልጅ የሚያሳድግ ጎረቤት፥ የዕድሩን ገንዘብ በእውነት የሚጠብቅ ሽማግሌ፥ ደመወዙ ሳይበቃው የሚያስተምር መምህር በመካከላችን አሉ። ምስጋናችንን ለቀብራቸው ቀን አናቈየው። ሥራቸው ሳይከብዳቸው ገና በሕይወት ሳሉ እናመስግናቸው፤ ከምስጋናም ይልቅ ሸክማቸውን በትከሻችን እንካፈላቸው፤ ልጆቻችንንም፥ ወንዱንም ሴቱንም፥ ወደዚሁ አገልግሎት እንላክ።