ሼክ ሁሴን፦ በድሆች ዜማ የኖሩት የባሌው ሰው

ባሌ ተወልዶ የሼክ ሁሴንን ስም ሳይሰማ ያደገ ሰው አለ ብለን አናምንም። ታሪካቸውን ንገሩን ስንባል ግን ብዙዎቻችን ተአምራቸውን ነው የምናወራው። ዛሬ እስቲ ሰውዬውን እናስታውሳቸው።

የሼክ ኢብራሂም ልጅ ናቸው። ሕዝቡ ኑር ሁሴን ይላቸዋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ በባሌ ሱልጣኔት ዘመን እንደኖሩና በጥንት ስሙ አናጅና በሚባለው፣ አሁን ድሬ ሼክ ሁሴን በምንለው ቦታ እንዳስተማሩ ይነገራል። እስልምና በአካባቢው እንዲሰፋ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። የተቀበሩትም እዚያው ነው። ከዘመናት በኋላ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የሐረሩ አሚር አብዱልሸኩር ሳይቀሩ እዚያ ቦታ ላይ አሠርተዋል። ስማቸው ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ከዚህ መገመት ይቻላል።

እኛን የገረመን ግን ግንቡ ሳይሆን ባሮው ነው።

ባሮ ለሼኩ የሚዜም ውዳሴ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ብዙው በአፋን ኦሮሞ ነው፣ አረብኛም ጣል ጣል ይደረግበታል። ሼኩ የጻፉት አይደለም። ከእሳቸው በኋላ የመጣ ሕዝብ፣ አብዛኛው ፊደል ያልቆጠረ፣ በቃሉ እየገጠመ ለልጁ ያስተላለፈው ነው። ጫፉ መንታ የሆነ በትር ይዘው ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከቦረና በእግራቸው የሚመጡት ጋሪባዎች መንገዱን የሚገፉት በዚሁ ነው። ዝናብ የጠፋበት፣ ከብቱ ያለቀበት፣ ልጅ ያጣ፣ የታመመ... ሁሉም የሆዱን ያወጣል። ደግሞ ብቻውን አይደለም፤ ተቀባይ አለው። ወጣት ሰው ችግሩን ለማንም ሳይነግር ውስጥ ውስጡን ሲብሰለሰል ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ ግን አርባ ሰው ይቀበለዋል።

ይሄ ነገር በሰላም ጊዜ ብቻ የተዜመ እንዳይመስላችሁ። ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ገደማ ባሌ በአመፅና በጦርነት ስትታመስ፣ ያን ጊዜ አፋን ኦሮሞ በትምህርት ቤት ቦታ አልነበረውም። እረኛው ልጅ ግን ግጥሙን፣ ዜማውን፣ ያገሩን ታሪክ ከባሮ ይማር ነበር። ትምህርት ቤቱ ያ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ቦታው በጎርጎሮሳውያኑ 2011 በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ እሰየው ነው። ከእዚያ ወዲህ ሲወራ የምንሰማው ግን በብዛት ስለ መንገዱና ስለ ነጫጮቹ ጉልላቶች ነው። ባሮ የሚያወጡት አዛውንቶች እያለፉ ነው፤ የሚተካቸውን ወጣት ማን እያሠለጠነ እንደሆነ የሚመለከታቸውን አካላት ብንጠይቅ ደስ ይለናል። በአረፋ ሰሞን ወደ ድሬ የምትሄዱ ካላችሁ ግን ከጉልላቱ ፎቶ በፊት አንድ አዛውንት አጠገብ ቁጭ በሉና ተቀበሉ።