የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ታሪክ

እግዚአብሔርን በመፍራት የኖሩትን አባቶች ታሪክ ማንበብ ለነፍስ ታላቅ ጥቅም አለው፤ ኑሯቸው ለእኛ መስተዋት ነውና። ከእነርሱም አንዱ ካህናቶቻችን ሌሊት የሚቆሙትን ሰዓታት የደረሰው አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ነው። ስሙን ያልሰማ ምእመን ጥቂት ነው፤ ወደዚያ ክብር የደረሰበትን መንገድ ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

አባ ጊዮርጊስ በ14ኛው መቶ ዓመት ተወለደ፤ በአገሩም ስም ጊዮርጊስ ዘሰግላ ይባላል። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በነገሥታቱ ዘንድ የሚያገለግል ካህን ነበረ። ልጁም ለእግዚአብሔር አገልግሎት እንዲበቃ ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ወስዶ ለትምህርት ሰጠው። ያ ገዳም ከአባ ኢየሱስ ሞአ ጊዜ ጀምሮ የመጻሕፍትና የሊቃውንት ቤት ነበረ።

ገድሉ እንደሚተርከው ብላቴናው ትምህርት አልገባው አለ። ጓደኞቹ እየቀደሙት ሲሄዱ እርሱ ወደ ኋላ ቀረ፤ መምህራኑም ተስፋ ቈረጡ። አባቱ ግን አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጠውን ልጅ መልሶ ለመውሰድ አልፈቀደም። ስለዚህ ጊዮርጊስ ለመነኮሳቱ እህል እንዲፈጭ ታዘዘ። በአገራችን ወፍጮ የሴት ሥራ ተብሎ ይኖር ነበርና፣ ይህ ለካህን ልጅ ውርደት የሚመስል ትእዛዝ ነበረ። እርሱ ግን አላጕረመረመም። እጁ መጁን ሲገፋ ልቡ ይጸልይ ነበር፤ ሌሊትም በእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆሞ ያለቅስ ነበር። ከብዙ ድካም በኋላ እመቤታችን ተገልጣ የጥበብ ጽዋ እንዳጠጣችው፣ ከዚያም ወዲህ ልቡናው እንደ በራ ገድሉ ይናገራል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ልንል ይገባናል። ጸጋው ሲመጣ ጊዮርጊስን ያገኘው በወፍጮው አጠገብ ነው። እግዚአብሔርን ለመፍራት ሊቅ እስኪሆን ድረስ አልጠበቀም፤ በተሰጠው ዝቅተኛ ሥራ ውስጥ ሆኖ በፊቱ ቆመ።

ከዚህ በኋላ ብዙ መጻሕፍትን ደረሰ። ከሁሉም ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን ዕለታዊ ሕይወት የቀረበው መጽሐፈ ሰዓታት ነው፤ በእርሱም ጸሎቱን፣ ምንባቡንና ምስጋናውን በሌሊትና በመዓልት ጊዜያት አከፋፍሎ ሠራ። በወፍጮው ዘመን ለብቻው የለመደውን ኑሮ ለማኅበር ሁሉ ሥርዓት አድርጎ እንደ ሰጠ መቍጠር ይቻላል።

መከራም አልቀረለትም። በዐፄ ዳዊት ዘመን ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በሃይማኖት ነገር ስለ ተከራከረ ተከሶ እንደ ታሰረ ገድሉ ያወሳል። ነገር ግን እስራቱ ከእግዚአብሔር አላራቀውም፤ ብዕሩንም አላስጣለውም። በ1416 ዓ.ም. በዐፄ ይስሐቅ ዘመነ መንግሥት መጽሐፈ ምሥጢርን ፈጸመ፤ በዚህም የሰባልዮስን፣ የአርዮስንና የንስጥሮስን ስሕተት እየገለጠ የቀናችውን ሃይማኖት አስተማረ። በማግሥቱ ዓመት በ1417 ዓ.ም. ሐምሌ 7 ቀን ዐረፈ። ስሙ የሚጠራበት የጋስጫ ገዳም በወሎ በቦረና ይገኛል።

እንግዲህ የደብራችንን የኢዮቤልዩ በዓል ስናከብር የሕንፃውን ዕድሜ ቈጥረናል፤ በውስጡ ለእግዚአብሔር የሰጠነውን ሰዓት ግን ማን ቈጠረው? ካህን ሆይ፣ ሰዓታቱን ስትቆም፣ ያ መጽሐፍ ከመማሩ በፊት መጸለይን ያወቀ ሰው ሥራ መሆኑን አስብ፤ በምላስህ እያዜምህ በልብህ አትራቅ። ምእመን ሆይ፣ ፊደል ባትቈጥርም እንኳ ጊዮርጊስ በወፍጮው ዘመን ከነበረው ያነሰ ነገር የለህም። ገበሬ በሬውን ሲጠምድ፣ እናት ሊጧን ስታቦካ፣ ነጋዴም ሚዛኑን ሲያነሣ፣ ሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ለሁሉም እኩል ይመጣሉ። ሰዓቱን ያለ ፍርሃተ እግዚአብሔር ያሳለፈ ሰው ዳግመኛ አያገኘውም።

የአባታችን የአባ ጊዮርጊስ በረከት ይደርብን፤ አሜን።