በእጅ የተሠራ ሰላምታ፤ የአስቴር ሃውላንድ የሕይወት ታሪክ



መስከረም ሲጠባ በፈረስ ቤትና በአካባቢው ገጠር የልጆች እጅ ሥራ አይፈታም። ሴቶቹ አበባየሆሽ እያሉ በየደጁ ይዞራሉ። ወንዶቹ ደግሞ ከደብተር በወጣ ወረቀት ላይ አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ወፍና መልአክ ሥለው፣ እንቁጣጣሽ በማለት ለጎረቤትና ለዘመድ ያበረክታሉ። ተቀባዩም እንደ ዐቅሙ ዳቦ ወይም ሳንቲም ይሰጣል። በዚህ ልማድ ያላደገ ከመካከላችን ጥቂት ነው።

እኔም ባለፈው እንቁጣጣሽ ሕፃናቱን ሥዕል ሳሥል አንድ ስሕተት ሠራሁ። ብዙ ሳንቲም ያገኘውን ልጅ በሁሉም ፊት አመሰገንሁት። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ሥዕላቸውን ይዘው የሚሮጡት ሳንቲም ወደሚሰጥ ቤት ብቻ ሆነ። ሥዕል የማይሆንላት አንዲት ትንሽ ልጅ ግን ለማንም ሳትሰጥ፣ ከማንም ሳትቀበል፣ ወረቀቷን አጥፋ ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ አየሁ። ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። በኋላ ስለ ሰላምታ ካርድ አጀማመር ሳነብ የአንዲት ሴት ታሪክ አገኘሁና፣ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድሁ። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ዘመናት የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቴር ሃውላንድ በ1828 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ በማሳቹሴትስ ክፍለ ግዛት፣ ውስተር በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ የመጻሕፍትና የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነበረው። እናቷም ስለ ቤት አያያዝና ስለ ምግብ አሠራር መጽሐፍ የጻፈች ሴት ነበረች። ስለዚህ አስቴር ወረቀትና መጽሐፍ በሞላበት ቤት አደገች ማለት ይቻላል። ሴት ልጅ ከፍ ወዳለ ትምህርት የምትደርሰው እምብዛም ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ ማውንት ሆሊዮክ በተባለው የሴቶች ትምህርት ቤት ተምራ በ1847 ዓ.ም. ጨረሰች።

በዚያ አገር በእኛ አቆጣጠር የካቲት 7 ቀን ገደማ የሚውል የቫለንታይን ቀን የሚባል በዓል አለ። በዚያን ዕለት የሚዋደዱ ሰዎች የሰላምታ ወረቀት ይላላካሉ። ያማረው ካርድ ግን ያን ጊዜ የሚመጣው ከእንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ዋጋውም ውድ ነበር። አስቴር ትምህርቷን በጨረሰችበት ጊዜ ገደማ የአባቷ የንግድ ወዳጅ ከእንግሊዝ የመጣ እንዲህ ያለ ካርድ ላከላት። ዳር ዳሩ እንደ ጥልፍ በተቀደደ ወረቀትና በአበባ ያጌጠ ነበር። እርሷም ካርዱን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ ይህን እኔም ልሠራው እችላለሁ ብላ አሰበች። አባቷም ጥልፍ መሳዩንና ባለ ቀለሙን ወረቀት አስመጣላትና ጥቂት ናሙናዎች በእጇ ሠራች።

ለመደብሩ ዕቃ እየዞረ ይሸጥ የነበረው ወንድሟ ናሙናዎቹን ይዞ ሄደ። አስቴር ተስፋ ያደረገችው የ200 ዶላር ያህል ትእዛዝ ነበር። ወንድሟ ሲመለስ ግን ከ5,000 ዶላር በላይ ትእዛዝ ይዞላት መጣ። ብቻዋን እንደማትወጣው ስላወቀች ጓደኞቿን ጠራችና በወላጆቿ ቤት ላይኛው ፎቅ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። አንዷ ሥዕሉን ትቆርጣለች፣ ሌላዋ ከሥሩ ባለ ቀለም ወረቀት ታደርጋለች፣ ሦስተኛዋ ትለጥፋለች። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ በመጨረሻ አስቴር ትመለከተዋለች። ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሴቶችም ዕቃው በሣጥን ተዘጋጅቶ ይላክላቸውና በየቤታቸው ሠርተው ይመልሱ ነበር።

በ1866 ዓ.ም. ወድቃ ጕልበቷን ክፉኛ ስለ ተጎዳች ለብዙ ጊዜ በተሽከርካሪ ወንበር ለመቀመጥ ተገደደች። ቢሆንም ሥራዋን አልተወችም። በ1870 ዓ.ም. ድርጅቷን የኒው ኢንግላንድ ቫለንታይን ኩባንያ ብላ ሰየመችው። ገቢውም በደኅናው ዓመት እስከ 100,000 ዶላር ይደርስ እንደ ነበር ይነገራል፤ ይህም በዚያ ዘመን እጅግ ብዙ ገንዘብ ነው።

አሁን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ቀጥሎ የመጣውን ነው። አባቷ በታመመ ጊዜ አስቴር በ1881 ዓ.ም. ድርጅቷን ጆርጅ ዊትኒ ለሚባል የዚያው ከተማ ነጋዴ ሸጠችና አባቷን ወደ ማስታመም ተመለሰች። ሕይወቷን ሙሉ የሌሎችን ፍቅር በወረቀት ስትገልጽ የኖረች ሴት፣ የራሷን ፍቅር የገለጸችው ከሕመምተኛ አጠገብ በመቀመጥ ሆነ። ባል ሳታገባ ኖራ በ1904 ዓ.ም. ኩዊንሲ በምትባል ከተማ ዐረፈች። የገዛት የዊትኒ ድርጅትም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት በመጥፋቱ በ1942 ዓ.ም. ተዘጋ።

ድርጅቱ ቢዘጋም ልማዱ አልጠፋም። የቫለንታይንን ቀን በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚያውቀው የፍቅረኞች ቀን እየተባለ ነው። በአሜሪካ ግን ትንንሽ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር በቤት ውስጥ ወረቀት ቆርጠውና ቀለም ቀብተው ለክፍል ጓደኞቻቸው ይሰጣሉ። በብዙ ትምህርት ቤቶች ዘንድ አንድም ልጅ ባዶ እጁን እንዳይቀር፣ የሚያመጣ ልጅ ለሁሉም እንዲያመጣ ይጠየቃል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያቺ ወረቀቷን አጥፋ የሄደችው ልጅ ትዝ አለችኝ።

እኛ የሌላ አገር በዓል መዋስ አያስፈልገንም፤ እንቁጣጣሽ አለን። ነገር ግን ከአስቴር ጠረጴዛ አንድ ነገር ብንወስድ መልካም ይመስለኛል። ጳጕሜን ሲገባ ሕፃናቱን ሰብስበን የሁሉንም ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፈን እጣ እናውጣ። እያንዳንዱ ልጅ በእጣ ለደረሰው ጓደኛው አንድ ሥዕል ይሥራ። ከአሮጌ ደብተር የተረፈ ንጹሕ ወረቀት፣ በውኃ ፈልቶ የወፈረ የዱቄት ሙጫ፣ በመጽሐፍ መካከል የደረቀ አበባ ይበቃል። መቀሱን ትልልቆቹ እንያዝ፤ መሳሉን ግን ለልጆቹ እንተውላቸው። መሥመሩ ቢጣመም አናርመው፤ የሰጪውን እጅ የሚያሳየው እርሱ ነውና። ለጎረቤት የሚሰጠው ሥዕልና የሚገኘው ሳንቲም እንደ ልማዱ ይቀጥል፤ የጓደኛው ግን ይቅደም።

እንግዲህ እኔ በሚመጣው እንቁጣጣሽ ማን ስንት ሳንቲም አገኘ ብዬ አልጠይቅም። ያቺ ልጅ በእጇ ሥዕል ይዛ ወደ ቤቷ መሄዷን ግን ቆሜ አያለሁ። ለመጪው ዓመት በሰላም ያድርሰን።