ጄምስ ብሩስ፦ ከኪኔርድ እስከ ግሽ ዓባይ

ከደጀን አፋፍ ቁልቁል የሚታየው ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ፣ ጣናን አቋርጦ፣ ጎጃምን በምሥራቅና በደቡብ የሚከብብ ወንዝ ነው። ምንጩን በሥዕላዊ መጽሐፍ ለአውሮፓ አንባቢ ያስተዋወቀው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግን ከግሽ ወደ ጎንደር ተመለሰ እንጂ ወንዙን ተከትሎ እስከዚህ አልወረደም። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሩስ በ1730 ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። ዘሩን ከስኮትላንዱ ንጉሥ ከሮበርት ብሩስ ይቆጥር ነበር። በ1754 ያገባት አድሪያና አለን በጥቂት ወራት ውስጥ ፓሪስ ላይ በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። በኋላ በአልጀርስ የብሪታንያ ቆንስል ሆነ፤ የቦሎኛውን ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን ቀጥሮም የሰሜን አፍሪካን የሮማውያን ፍርስራሾች አስነደፈ።

ሁለቱ በ1769 ምጽዋ ደርሰው በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ጎንደር ገቡ። ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት በዙፋን ላይ ቢሆኑም ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ብሩስን ለቤተ መንግሥቱ ያቀረበው የሕክምና ዕውቀቱ ነው፤ በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን የመሳፍንት ልጆች አክሟል። የፋሲል ግንብ በተደጋጋሚ እሳት ተጎድቶ ብዙው ክፍሉ ፈርሶ እንዳገኘው መጻፉ ለጎንደር አብያተ መንግሥት አጥኚ ዛሬም ይጠቅማል።

በኖቬምበር 1770 ግሽ ደረሰ። የመጀመሪያው አውሮፓዊ ነኝ ማለቱ ግን አይጸናም፤ ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ምንጩን አይቶ ጽፎ ነበር። ብሩስ ይህን ዘገባ ለማጣጣል ብዙ ደከመ። ለምንጩ በየዓመቱ መሥዋዕት ሲያቀርብ የኖረው የአገው ሕዝብ ደግሞ በማን ቀደመ ክርክሩ ውስጥ ጭራሽ አልተቆጠረም።

በ1771 መጨረሻ ጎንደርን ለቆ በስናር በኩል ግብፅ ወጣ። በ1774 ለንደን ሲገባ ወሬው፣ በተለይም ስለ ጥሬ ሥጋ አበላል የተረከው፣ መሳለቂያ አደረገው። ተቆጥቶ ወደ ኪኔርድ ገባ። ሁለተኛ ሚስቱ በ1785 ከሞተች በኋላ ግን ብዕሩን አንሥቶ በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ በኤድንብራ አሳተመ።

የመጽሐፉ ክብደትም ነውሩም በሥዕሎቹ ላይ ነው። ኮሶ፣ ጤፍ፣ እንሰት፣ ዋንዛና ቀንጠፋ በጥንቃቄ ተነድፈው ቀርበዋል። ብሩስ ሥዕሎቹን የራሱ አስመስሎ አቀረባቸው፤ ባሉጋኒም ከግሽ ጉዞ በፊት እንደሞተ ጻፈ። በባሉጋኒ እጅ የተጻፈው የጉዞ ማስታወሻ ግን ሠዓሊው እስከ ምንጩ አብሮት እንደነበረ ያሳያል፤ የሞተው በ1771 ጎንደር ውስጥ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን የሚጠቅስ ተመራማሪ ብሩስ ስላየው ነገር የሚናገረውን በአብዛኛው ሊያምነው ይችላል፤ ማን አብሮት እንዳየ ሲናገር ግን ሊጠረጥረው ይገባል። በእኔ ግምት ሐሰቱ የመነጨው በምንጩ አጠገብ ብቻውን ለመቆም ካለው ምኞት ነው።

ከኢትዮጵያ ከወሰዳቸው የብራና መጻሕፍት መካከል ሦስት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ነበሩ። ለኦክስፎርድ ከሰጠው ቅጂ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 የእንግሊዝኛውን ትርጉም አወጣ። ብሩስ ይህን አላየም፤ በ1794 አንዲት እንግዳ ሊሸኝ ሲጣደፍ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞቷል። የተክልና የአዕዋፍ ንድፎቹ ዛሬ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታንያ ሥነ ጥበብ ማእከል ይገኛሉ፤ በመዝገቡ የሠፈረው የሠዓሊ ስምም የባሉጋኒ ነው።