ሳዳኮ ሳሳኪ እና የወረቀት ወፎቿ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ አምዳችን የምናቀርብላችሁ የንጉሥ ወይም የጦር መሪ ታሪክ አይደለም። የአንዲት ተማሪ ታሪክ ነው። ስትሞት ገና 12 ዓመቷ ነበር፤ ግን እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስሟ ይነሳል። ዓመቶቹን የጻፍናቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። መልካም ንባብ!

ሳዳኮ ሳሳኪ ጃንዋሪ 7 ቀን 1943 በጃፓን አገር ሂሮሺማ በምትባል ከተማ ተወለደች። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየተካሄደ ነበር። ኦገስት 6 ቀን 1945፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ላይ አንድ የአሜሪካ አውሮፕላን በሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ጣለ። አንድ ቦምብ ብቻ ነው። ከተማዋ ግን ነደደች። እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ድረስ ወደ 140,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ናጋሳኪ በምትባለው ከተማ ላይ ሁለተኛው ቦምብ ተጣለ።

ሳዳኮ በዚያ ቀን የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች። ቤታቸው ቦምቡ ከፈነዳበት ቦታ 2 ኪሎ ሜትር እንኳን አይርቅም። እናቷ ልጆቻቸውን ይዘው ከእሳቱ ሸሹ። አያቷ ግን ዕቃ ለማምጣት ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ከዚያ በኋላ በሕይወት አልተገኙም። እየሸሹ ሳለ ጥቁር ዝናብ ዘነበባቸው። ያ ዝናብ ከቦምቡ የመጣ መርዘኛ ጨረር ነበረበት። ሳዳኮ ግን ምንም ቁስል አልነበራትም። ሰው ሁሉ ተረፈች ብሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ አደገች፣ ትምህርት ቤት ገባች። ሩጫ በጣም ትወድ ነበር። በክፍሏ የዱላ ቅብብል ቡድን ውስጥ ከፈጣኖቹ ሯጮች አንዷ እሷ ነበረች። የ6ኛ ክፍል ተማሪ ሳለች በ1954 መጨረሻ ላይ አንገቷ አካባቢ አበጠ። በፌብሩዋሪ 1955 ሐኪሞች ሉኪሚያ የሚባል የደም ካንሰር እንደያዛት አወቁ። ቦምቡ ከተጣለ ዘጠኝ ዓመት አልፎ ነበር እኮ! ጦርነቱ አልቆ፣ ሰላም ሆኖ፣ ሰው ቤቱን ሠርቶ ሳለ ጨረሩ ግን በልጅቷ ሰውነት ውስጥ ሥራውን ይሠራ ነበር። በሽታው የመጣው ምንም በማታውቀው ጦርነት ምክንያት ነው።

ሆስፒታል ከገባች በኋላ፣ ናጎያ በምትባል ከተማ የሚገኙ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለበሽተኞቹ ከወረቀት የታጠፉ ወፎች ላኩላቸው። ጃፓኖች ወረቀት በማጠፍ ልዩ ልዩ ነገር ይሠራሉ፤ ኦሪጋሚ ይባላል። ወፏ አንገቷና እግሯ ረጅም ነው፤ ሽመላ ትመስላለች። አንድ ሺህ ያጠፈ ሰው የተመኘው ይሳካለታል የሚል የቆየ እምነት አላቸው። ሳዳኮም ለመዳን ብላ ማጠፍ ጀመረች። ወረቀት እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ የመድኃኒት መጠቅለያውን ሳይቀር ትጠቀም ነበር።

ብዙ ሰው ሺውን ሳትጨርስ እንደሞተች ይናገራል። ቤተሰቦቿ ግን ከሺ በላይ እንዳጠፈች ተናግረዋል፤ የሂሮሺማ የሰላም ሙዚየምም የሚለው ይህንኑ ነው። ሺው ሞላ፣ እሷ ግን አልዳነችም። ታዲያ ተስፋ ቆረጠች? አልቆረጠችም። እንደገና ማጠፍ ጀመረች። አንዳንዶቹን በጣም ትንንሽ አድርጋ በመርፌ ጫፍ ነበር የምታጥፋቸው። ኦክቶበር 25 ቀን 1955 አረፈች።

ታሪኩ እዚህ ላይ አላበቃም። የክፍል ጓደኞቿ አልቅሰው ዝም አላሉም። ለእሷና በቦምቡ ለሞቱት ልጆች ሁሉ ሐውልት እናሠራ ብለው ተነሱ። በዚያው ዓመት የመላው ጃፓን ርዕሰ መምህራን ሂሮሺማ ላይ ሲሰበሰቡ ወረቀት አዘጋጅተው በተኑላቸው። ከዚያ በኋላ ከጃፓንና ከሌሎች ዘጠኝ አገሮች ከ3,100 በላይ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ አዋጡ። ሐውልቱ ሜይ 5 ቀን 1958፣ በጃፓን የልጆች ቀን፣ ተመረቀ። ላዩ ላይ አንዲት ልጅ ትልቅ ወፍ ከፍ አድርጋ ይዛለች። እስከ ዛሬ ከመላው ዓለም በየዓመቱ ብዙ ሚሊዮን የወረቀት ወፎች ይላኩለታል። ኦገስት 6 በመጣ ቁጥር ደግሞ ሁለት የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች በትልልቅ ባለሥልጣናት ፊት ቆመው የሰላም ቃል ኪዳን ያነባሉ።

አንዳንድ ተማሪዎች ጦርነትና ሰላም የትልልቅ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ እኛ ምን እናመጣለን ይላሉ። እውነት ነው፣ የወረቀት ወፍ ቦምብ አያቆምም። ሳዳኮንም አላዳናትም። ግን ያንን ሐውልት ያሠሩት ልጆች ናቸው። ሰው የሠራውን መሣሪያ ሰው ሊያጠፋው ይችላል። በ1980ዎቹ በዓለም ላይ ከ60,000 በላይ የኒውክሌር መሣሪያ ነበር፤ አሁን ወደ 12,000 ገደማ ሆኗል። ደቡብ አፍሪካ የነበሯትን ስድስት ቦምቦች ራሷ ፈታታ አጥፍታለች። አፍሪካ ከኒውክሌር መሣሪያ ነፃ እንድትሆን የፔሊንዳባ ስምምነት የሚባል አለ፤ አገራችን ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ቢሆንም 12,000 ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሂሮሺማን ያጠፋት አንዱ ብቻ ነው።

በአገራችንም ጦርነት ልጆችን ከትምህርታቸው እንዴት እንደሚያስቀር እናውቃለን። ጠመንጃ ተተኩሶ ካበቃ በኋላም ጉዳቱ አያበቃም፤ የሳዳኮ ሕይወት ያስተማረን ይህንን ነው። ነገ አገር የምንረከበው እኛ ነን። ያን ጊዜ ውሳኔው የእኛ ይሆናል። ስለዚህ ከአሁኑ በክፍላችን ስንጣላ መታረቅን፣ ሰው ሲበደል ዝም አለማለትን እንልመድ።

የሚቀጥለው እትም ላይ በሌላ ታዋቂ ሰው ታሪክ እስክንገናኝ ድረስ ቸር ይግጠመን!

ሰላም ለኢትዮጵያ! ሰላም ለዓለም ልጆች!

አዘጋጅ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ ከ7ኛ ክፍል