ጃክ ቤኒ፦ በንፉግነት የታወቀው ለጋስ

ሽቲክ የሚለው ቃል ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን ቋንቋ ከይዲሽ ነው። ጥሬ ትርጉሙ ቁራጭ ሲሆን፣ አንድ ቀልደኛ እየደጋገመ የሚታወቅበትን ትርኢት፣ ኋላም የማንኛውንም ሰው መለያ ጠባይ የሚገልጽ ሆኗል። የአሜሪካዊው ቀልደኛ የጃክ ቤኒ ሕይወት ለዚህ ቃል ጥሩ ማስረጃ ነው።

ቤኒ እ.ኤ.አ. በ1894 ቺካጎ ውስጥ ከስደተኛ አይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለደ። ያደገው በዎኪጋን ከተማ ሲሆን፣ በልጅነቱ ቫዮሊን ተምሮ በወጣትነቱ በየትርኢት አዳራሹ እየተጫወተ ይተዳደር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ኃይል ሲያገለግል ግን ሕዝቡን ከዜማው ይልቅ ወጉ እንደሚያስቀው ተረዳ።

በ1932 የራሱን የሬዲዮ ዝግጅት ከጀመረ በኋላ ቀስ በቀስ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጠረ፤ ገንዘቡን በምድር ቤት የሚቆልፍ፣ ቫዮሊን የማይሆንለት፣ ዕድሜውም ከ39 ዓመት የማያልፍ ንፉግ። በ1948 በቀረበ ዝግጅት ዘራፊ ከገንዘቡና ከነፍሱ አንዱን እንዲመርጥ ሲያስገድደው፣ ቤኒ መልስ አጥቶ ዝም አለ። አድማጩን ያሳቀው ያ ዝምታ ነበር።

ብዙዎች ግን ጭምብሉን እንደ ፊቱ ቆጠሩት። እርሱ በአንጻሩ ከ1956 ጀምሮ፣ የተሳለቀበትን ያንኑ ቫዮሊን ይዞ ከታላላቅ ኦርኬስትራዎች ጋር ያለ ክፍያ እየተጫወተ ለሙዚቀኞች መርጃ ሚሊዮኖች ዶላር አሰባሰበ።

በታኅሣሥ 26 ቀን 1974 በ80 ዓመቱ በቆሽት ካንሰር ሞተ። ከሞቱ በኋላ ለባለቤቱ ለሜሪ በየቀኑ አንድ ቀይ ጽጌረዳ ይደርሳት ጀመር። በኑዛዜው ለዕድሜዋ ሙሉ እንዲሰጣት ያዘዘ ያው ንፉግ የተባለው ሰው ነበር።